የመንገዱ ጩኸት ከዜሮ እስከ ዐሥር

አንደኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዛሬ ደግሞ ጸሐፊ ሆንኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ስብሰባው ላይ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ሰብሳቢያችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ድልድዩ ለጥገና ከተዘጋ ጀምሮ የከተማው ከባድ መኪና ሁሉ በእኛ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። አሁን ደግሞ ድልድዩ ቢያልቅም በዚሁ ሊቀጥል ነው የሚል ወሬ አለ። የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ቅጽ ልኮልናል። ለስምንት ሳምንት፣ በየእሑዱ፣ እያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ «ባለፉት ሰባት ቀናት የመንገዱ ጩኸት ምን ያህል አስመርሮዎታል? ከዜሮ እስከ ዐሥር።» የሚፈረደው በመጨረሻው እሑድ ነው። የዚያን ቀን አማካዩ ከሰባት በላይ ከሆነ መኪኖቹ ወደ ዳር መንገድ ይዛወራሉ። ከሰባት በታች ከሆነ ቻሉት ማለት ነው።

«ከሰባት በታች?» አሉ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው። «በዚህ ሕንፃ ከዘጠኝ በታች የሚሰጥ ሰው ከተገኘ እኔ ራሴ እፈርድበታለሁ!»

አጨበጨብን። ጭብጨባችንን አንድ ተሳቢ መኪና ዋጠው።

ለእኔ ነገሩ የቁጥር አይደለም። ትናንት እራት ላይ እማዬ፣ «ወንድምሽ ከሁለት ወር በኋላ ሲመጣ አብሬው እሄዳለሁ» አለችኝ። ለምን አልኳት። «እሱ ቤት ይሻለኛል» ብላ ሳህኗን አነሳች። የወንድሜ ቤት ከመንገድ የራቀ ነው፤ እዚያ ከወፍ በቀር የሚጮህ ነገር የለም። ስለዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መኪናው ነው። አባቴ ካረፈ ጀምሮ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እማዬ የሌለችበትን ቤት ማሰብ አልችልም። ከሰባት በላይ እናገኛለን፣ ሰማይ ቢወድቅ።

ረቡዕ

ጥድፊያ። አውቶቡስ አመለጠኝ። የምሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ አላረፈም። ዘጠና አራት ሰው። «ውሃ ጠፋ።» «ውሃ ጎረፈ።» አንዱ ደግሞ «ውሃው ሌላ ሰፈር ሄዶ እኔን ረሳኝ።» ሁሉንም «ይቅርታ፣ እንመዘግባለን» አልኩ። ቤት ስገባ እማዬ የሆነ ነገር ልታጫውተኝ ጀመረች፣ ድሮ ስለሠራችበት ክር ፋብሪካ መሰለኝ። «ነገ እማዬ፣ ጆሮዬ ሞቷል» አልኳት።

ይሄ መኪና ናላዬን አዞረው።

እሑድ

የመጀመሪያው ቅጽ ተሰበሰበ። ምድር ቤት ያለው ጸጉር አስተካካይ፣ «ዐሥር! ከዐሥር በላይ የለም እንዴ?» አለኝ። መምህሯ ዘጠኝ ሰጠች፤ አንዱን የቀነሰችው መንትያ ልጆቿ ከመኪናው ስለሚብሱ ነው። ዳኛው ዐሥር ጽፈው ሁለቴ አሰመሩበትና ፈረሙ። እማዬ ዘንድ ስደርስ፣

«ስንት ልበል?» አለችኝ።

«የተሰማሽን።»

«አንቺ ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«ዐሥር ብትዪ ደስ ይለኛል።»

«እንግዲያው ዐሥር።»

አማካይ 9.2። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሪዛም ሰውዬ መጥቶ መብራት ምሰሶው ላይ ድምፅ የሚለካ ትንሽ ሣጥን ሰቀለ። ሰፈሩ ወዲያው «ባለመለኪያው» ብሎ ስም አወጣለት። ሰባ ስድስት ዴሲቤል አለ። «ብዙ ነው?» አልኩት። «የምሰማዎት ሲጮሁብኝ ብቻ ነው፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ለካ ስጮህ ነበር።

ሐሙስ

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ስፖንጅ ገዛሁ። ገነት ነው! ዓለም በጥጥ ተጠቀለለች። እራትም አድርጌው በላሁ። እማዬ አፏን ስታንቀሳቅስ አየሁና ፈገግ አልኩላት። እሷም ትንሽ ቆይታ ተወችው። ደህና እራት ነበር።

ቅዳሜ

ትርፍ ፍራሹን በሳሎኑ መስኮት ላይ ቸነከርኩት። ድምፁ ትንሽ ቀነሰ። ብርሃኑ ግን ጨርሶ ጠፋ። እማዬ እኩለ ቀን ላይ መብራት አብርታ ተቀመጠች። «እስር ቤትም ጸጥ ይላል አሉ» አለችኝ። ሳቅሁ። እማዬ ስትቀልድ ደስ ይለኛል።

ነገ ቅጽ። መዶሻው አውራ ጣቴን አግኝቶታል፤ ለእጅ ጽሕፈቴ «ማማር» ይቅርታ።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

የዛሬውን ሳልጽፍ ብተኛ ኃጢአት ነው። ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ ይዞ አንድ ሙሽራ ፊት ላይ ተደፍቶ ሳለ ተሳቢ መኪና አለፈ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ግማሽ ቅንድብ ሄደ። ሰርጉ ነገ ነው! ጸጉር አስተካካዩም እንዲመጣጠን ብሎ የሌላውን ዓይን ግማሽ ቅንድብ አነሳለት። ሙሽራው መስታወት አየና፣ «ቢያንስ ተደነቀ ይላሉ» ብሎ ሄደ።

ጸጉር አስተካካዩ ወዲያውኑ ወንበሩን ተሸክሞ፣ መስታወቱን በብብቱ ይዞ ጓሮ ገባ። የልብስ ማስጫው ገመድና የውሃ ታንከሩ ያሉበት ቦታ ማለት ነው፤ ሕንፃው ራሱ ከመንገዱ ስለሚጋርደው መኪናው ከሩቅ ነው የሚሰማው። እማዬ ይህን ከወጥ ቤት መስኮት አይታ፣ «የተሰጣውን ልብስ ላውርድ» ብላ ወረደች። የተመለሰችው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ያለ ልብሱ።

እሑድ

አማካይ 8.1። እማዬ ሰባት።

«ሰባት?!»

«ጓሮ ስውል አልሰማሁትማ። ልዋሽ?»

አራተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ሕንፃው ውስጥ ሰው የለም። ሁሉም ጓሮ ነው። መምህሯ የፈተና ወረቀት እያረመች፣ መንትዮቹ ታንከሩን እየዞሩ፣ ጸጉር አስተካካዩ እየላጨ፣ እማዬ ዶሚኖ እየተጫወተች። እያጭበረበረች ማለቴ ነው፤ ከላይ ሆኜ አየኋት። አንዲት ጠጠር ከቀሚሷ እጥፋት ስታወጣ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ለመውረድ ደከመኝ። የሰው ድምፅ ጠግቤ ነው የምመጣው። ግን መስኮቱን ክፍት ተውኩት። አንዱ፣ «እማማ በሞቴ፣ አንዴ ይድገሙልን!» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ታንከሩ እስኪያስተጋባ ሳቅ። ምኑን ነው የደገመችው? እራት ላይ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ስፖንጁን አድርጌ ስለነበር ረሳሁት።

እሑድ

7.1። እማዬ አራት። ደግሜ ደመርኩት፤ ያው ነው።

አምስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዳኛው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም።

«ወገኖቼ፣ ደስታችሁ ማስረጃችንን እያጠፋብን ነው! ከሳሽ ችሎት ፊት ይስቃል? እስከ መጨረሻው እሑድ ድረስ ጓሮ መቀመጥ ክልክል ነው። እንማረር! አራት ሳምንት መማረር ያቅተናል?»

«እኔ ወንበሬን የት ልውሰደው?» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ወደ ምሬትህ መልሰው!»

እኔ ጸሐፊዋ «በአንድ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ መዘገብኩ። አልጸደቀም። ዝም ነው የተባለው።

ሐሙስ

ክልከላው ሁለት ቀን ቆየ። ዛሬ ዳኛው ራሳቸው ከነትራሳቸው ጓሮ ተገኙ። «ትእዛዙ መከበሩን ልቆጣጠር ወርጄ ነው» አሉ። እስከ አመሻሽ ተቆጣጠሩ። በዶሚኖ እማዬ አራት ጊዜ አሸነፈቻቸው።

እሑድ

6.4።

እማዬ ሁለት። በዚያ በሚያምር የድሮ ጽሕፈቷ፣ ሁለት።

እዚህ የምጽፈውን ማንም አያየውም። አዲስ ቅጽ ወስጄ በስሟ ዘጠኝ ጻፍኩ። የመጨረሻው እሑድ ገና ቢሆንም ከአሁኑ ካልተያዘ ይንሸራተታል ብዬ ነው። ደምሬ ሳካፍለው 6.6 ሆነ። በእናቴ ስም ሰባት ቁጥር ዋሽቼ ያተረፍኩት ሁለት ዐሥረኛ ነው! ቀን ሙሉ የሰው ቅሬታ በትክክል የምመዘግብ ሴት፣ የእናቴን ደስታ ፋቅሁ። ወንድሜ ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አይቻታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ስድስተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ለምሳ ልጠራት ወረድኩ። «ምሳ ደርሷል» ብዬ ልመለስ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ባዶ ጆንያ አነጠፈልኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝና ተቀመጥኩ። እማዬ ወሬዋ መሃል ላይ ነበረች። እኔን ስታይ ትንሽ ደንገጥ ብላ ቆመች፤ መንትዮቹ ግን፣ «ከመጀመሪያው! ከመጀመሪያው!» አሉ።

ክር ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ በእጅና በከንፈር ነው የሚያወሩት። ውሃ፣ ክር ተበጠሰ፣ ባሌ ሰክሮ ገባ፣ ለሁሉም ምልክት አለው። ለአለቃቸውም አውጥተውለታል። አፍንጫው ረጅም ስለነበር፣ አፍንጫን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ፊት ሳብ ማድረግ። እሱ ደግሞ የሴቶቹ ሰላምታ መሰለው። ደስ እያለው በየጠዋቱ አፍንጫውን ይስብላቸው ጀመር! አንድ ቀን ታላቁ ሥራ አስኪያጅ ለጉብኝት መጣ። አለቃው ከማሽኖቹ ማዶ ቀጥ ብሎ ቆመና በሙሉ አክብሮት አፍንጫውን ሳበለት።

«ሥራ አስኪያጁስ?» አልኩ፤ ሳላውቀው።

እማዬ ዞራ አየችኝ። «ሥራ አስኪያጁማ ግራና ቀኙን አየ። ሴቶቹን አየ። ከዚያ እሱም...» አፍንጫዋን ያዘችና ቀስ አድርጋ፣ በትልቅ ሰው ክብር፣ ሳበችው።

ከጆንያው ላይ ተንከባለልኩ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ትቶ ታንከሩን ደበደበ። እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነው? አላስታውስም።

ደረጃውን ስንወጣ፣ «ይህን ነግረሽኝ አታውቂም» አልኳት።

«ጀምሬልሽ ነበር» አለች። በክፋት አይደለም፤ ልክ አውቶቡስ አለፈ እንደሚባለው።

ማታ ላይ አንድ ነገር መጣብኝ። በእነዚያ ማሽኖች መሃል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት፣ እንዴት በመኪና ጩኸት... ተውኩት። ነገ ቅጽ አለ። በዚህ ሳምንት የማንንም አልነካም።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ በር ተንኳኳ፣ ባለመለኪያው። መዝገብ ይዟል፤ እማዬን ነው የፈለገው። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁጥርዎ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አራት እያለ ወርዶ ድንገት ዘጠኝ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ አንድ። በዚያ ሳምንት ምን ደረሰብዎ?»

«ዘጠኝ?» አለች እማዬ። «ማነው ዘጠኝ ያለው? ሁለት ነው ያልኩት!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ቆምኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው የምትውለው» አለች እማዬ ወዲያው፣ «ቁጥር ይምታታባታል።»

ሰውዬው ሪዙን አሻሸ። ዘጠኙን ሰርዞ ሁለት ጻፈ። «እንዳይደገም» አለኝ፤ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ከዚያ ተቀምጦ አስረዳን። መኪናው አልቀነሰም፤ ሣጥኑ ዛሬም ሰባ ስድስት ነው የሚለው። ጓሮ ግን አርባ ዘጠኝ ነው። የቀነሰው ምሬታችን ነው። «ሰው ዞር የሚልበት ጸጥ ያለ ጥግና የሚያጫውተው ሰው ካገኘ፣ ያው ጩኸት ያን ያህል አይከብደውም» አለ። «የሣጥኑንም የእናንተንም ቁጥር እንዳለ አቀርባለሁ። የሌሊቱን ግን አትስጉ። ሌሊት ማንም ጓሮ አይተኛም፤ ከምሽት እስከ ንጋት መኪኖቹ በዳር መንገድ እንዲሄዱ ተወስኗል። የቀኑ ነው በእሑዱ ቁጥር የሚፈረደው።»

ከሄደ በኋላ እማዬ፣ «ምን አስበሽ ነው?» አለችኝ።

«መኪናው ከቀረ አትሄጂም ብዬ።»

«መኪናው!» አለችና ራሷን ነቀነቀች። ዶሚኖዋን ይዛ ጓሮ ወረደች።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ዛሬ እራት ላይ ስፖንጁን አላደረግሁም። ያ አለቃ መጨረሻው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችልኝ። ከሴቶቹ አንዷን አገባ! ሁለት ጊዜ ሸለብ አደረገኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በማንኪያ ቀሰቀሰችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሻንጣዋ ግን ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወንድሜ እሑድ ይመጣል። ስለ መሄዷ ምንም አላልኳትም። ምን ልበል? ወስናለች። ሰው በግድ አይያዝም። ምናልባት ቁጥሩ ይደርስልን ይሆናል።

እሑድ

ጠዋት ቅጹን ሰበሰብኩ። ጸጉር አስተካካዩ አምስት። መምህሯ ስድስት፤ መንትዮቹ ጓሮ መዋል ከጀመሩ ወዲህ ቤቷ ጸጥ ስላለ መኪናው አሁን ነው የተሰማት። ዳኛው ቅጻቸውን አራት አጥፈው ሰጡኝ። ስከፍተው አራት።

«ክቡር ዳኛ!»

«ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ የሐሰት ምስክር ልሁን?»

አማካይ 5.6። ተሸነፍን። ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ሳምንት የለፋሁበት ነገር ሁሉ አበቃ።

በአምስት ሰዓት ወንድሜ መጣ። ትንሿን መኪናውን በሁለት ተሳቢዎች መሃል አሹልኮ ደጃፍ አቆመ። ሻንጣውን አነሳ። እማዬ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ስማ ወጣች። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላዋ የእጅ ቦርሳዋን ይዤላት ነበር። ደህና ሁኚ ማለት አለብኝ እያልኩ እሄዳለሁ። ወንድሜ የመኪናውን በር ከፈተላት። አንድ እግሯን አስገባች።

«እማዬ» አልኩ። አልሰማችም፤ ተሳቢ እያለፈ ነው። «እማዬ፣ አትሂጂ!» ሌላው ተከተለ፤ እኔ ራሴ ድምፄን አልሰማሁትም። ያኔ ሆዴ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ አሰባስቤ ጮህኩ። ለካ መኪናው አልፎ ኖሯል። ጩኸቴ ባዶ መንገድ ላይ ብቻውን ወጣ።

«አትሂጂብኝ! ያለ አንቺ መኖር አልችልም!»

መንገዱ ሁሉ ዞረ። መስኮቶች ተከፈቱ። ማዶ ያለው ባለሱቅ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

«ሰምቻለሁ፣ አትጩሂ» አለች እማዬ። እግሯን ከመኪናው አወጣች። «ስምንት ሳምንት ሙሉ፣ ስንት ነው፣ ስንት ነው ስትዪኝ ከረምሽ። አንድ ቀን እንኳ አትሂጂ ብለሽኛል?»

«ጩኸቱ ነው ያስመረረሽ ብዬ...»

«እኔን? ጩኸት? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ በአንቺ ዝምታ ነቅዤ ነበር፣ ልጄ።»

አቀፍኳት። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለታችንም አፍንጫችንን የምንጠርግበት አጥተን ሳቅን፤ ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ፎጣ ይዞልን ሮጠ።

«እና ሻንጣውን የት ላድርገው?» አለ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ መልሰው!» አልኩት።

«ለበዓል መጥቼ ሳምንት እሰነብታለሁ» አለችው እማዬ ጉንጩን እየዳሰሰች። «መኖሩ ግን እዚህ ነው።»

ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት የዳኛው ድምፅ መጣ፦ «ተወስኗል! ይግባኝ የለውም!»

ወንድሜን ምሳ አብልተን ጓሮ አስቀመጥነው። ሦስት ጊዜ በዶሚኖ ተበላ፤ እንደምታጭበረብር ነገርኩት፣ አላመነኝም። አመሻሹ ላይ ሸኘነው።

አሁን ሳሎን ነን። ፍራሹን ከመስኮቱ ነቅለነዋል። እማዬ ከአባቴ ጋር የተዋወቀችበትን ቀን እየነገረችኝ ነው፤ እየጻፍሽ በግማሽ ጆሮ ነው የምትሰሚኝ ብላ ስለተቆጣችኝ ይህን እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ልክ ወደ ዋናው ነገር ስትደርስ አንድ ትልቅ መኪና መጣ። እጇን አንስታ ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። አለፈ፤ እሷም ካቆመችበት ቀጠለች።